ባዶ ቃል

መጀመሪያ ዓይኔ ውስጥ የገባው ግድግዳው ላይ በከሰል የተጻፈ ትእዛዝ ነው። «ጆንያ ከግድግዳ አታስጠጉ» ይላል። ከጽሑፉ ሥር አሥራ አንድ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል።

ክፍሉ እኛ ሳንገባበት የእህል መጋዘን ነበር። ማሽላውን አውጥተው ሰው ሲያስገቡ ጽሑፉን ያጠፋው የለም፤ ነቀዙም አልወጣም። ገና ከመቀመጤ አንዱ በአንገቴ ሲወጣ ተሰማኝ፣ ሌላውን ጆሮዬ ሊገባ ሲል ያዝኩት። የከሚሴን ሙቀት የሚያውቅ ሰው በቀትር ቆርቆሮ ሥር መቀመጥ እንዴት እንደሚያደርግ አይጠይቀኝም። ቆርቆሮው ራሱ እየተንቋቋ ያማርራል።

«ነጋ ኦልቴ? ና ወዲህ ጠጋ በል፣ እዚያ ፀሐይዋ በሽንቁሩ ትወርድብሃለች» አሉኝ አንድ ሽማግሌ። በኦሮምኛ ሰላም ብለውኝ በአማርኛ ቦታ ሰጡኝ። እኛ አገር እንዲህ ነው፣ ሰው በአንዱ ጀምሮ በሌላው ይጨርሳል። የጨፋ ገበሬ ነበሩ። ሁሉም «ሼህ» ይሏቸዋል፤ እሳቸው ግን «ቁርአን ያልቀራሁ ሼህ ነኝ፣ ለጢሜ ብለው ነው» ይላሉ።

የተያዝኩት በዚያው ቀን ጠዋት መናኸሪያው በር ላይ ነው። የሦስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነበርኩ፣ ለእረፍት ወደ ቤቴ መምጣቴ ነበር። ባጃጅ ከሚሴ ገና የገባበት ሰሞን ስለሆነ እግሩ ደህና የሆነውም ሰው በባጃጅ ካልሄድኩ ይል ነበር። እኔም ከሚኒባስ ወርጄ አንዷ ላይ ልወጣ ስል ትከሻዬን ነኩኝ። ከተማው ውስጥ ወረቀት ተበትኗል ተብሎ ከውጭ የሚመጣ ተማሪ ሁሉ ይፈተሻል። ቦርሳዬን መሬት ላይ ገለበጡት። ካልሲ፣ ሳሙና፣ ለእናቴ የገዛሁት ሻሽ፣ አንድ ደብተር። ደብተሩን የሚያገላብጠው ፖሊስ አንድ ገጽ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቋንቋ ነው» አልኩት።

ምን ነበረበት የቤት ሥራ ነው ብል? ግን አፌ አያርፍም፣ በተለይ እውነቱን ሳውቅ። ትምህርቱን ወድጄው ስለነበር ለጠየቀኝ ሁሉ ካላስረዳሁ እል ነበር። ለዚህ ፍቅሬ አንድ ዓመት ከፍዬበታለሁ።

ገጹን አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ። a እና b ብቻ ናቸው፣ ሌላ ፊደል የለም። መጀመሪያ አንድ አንድ እየሆኑ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት፣ እስከ አምስት ድረስ በሚቻለው መንገድ ሁሉ ተደርድረዋል። ስድሳ ሁለት ቃል ነው። ከሁሉም በላይ ለብቻዋ የተገለበጠች ሦስት ቁጥር የምትመስል ምልክት አለች። ከታች በኩል ደግሞ ከስድሳ ሁለቱ አንዱ በእስክሪብቶ ተከቧል። ያከበብኩት እኔው ነኝ፣ በምን ቀን እጄ እንደሄደ እንጃ።

መርማሪው በማግስቱ አስጠራኝ። ከሌላ አገር የመጣ፣ ሸሚዙን ጥንቅቅ አድርጎ የሚተኩስ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። በጩኸት ቢጀምር ይሻለኝ ነበር።

«ቋንቋ ነው ብለሃል። የማን ቋንቋ?»

«የማንም አይደለም።»

«ማን ይናገረዋል?»

«ማንም አይናገረውም። በኛ ትምህርት ቋንቋ ማለት የቃላት ስብስብ ነው። ቁጥራቸው የታወቀ ፊደሎች ይኖሩናል፤ ፊደሎቹን ስንደረድር ቃል ይሆናል። ከቃላቱ የተወሰኑትን ለይተን አንድ ላይ ስናደርግ ቋንቋ እንለዋለን። ትርጉም እንዲኖረው ግድ አይደለም።»

«ትርጉም የሌለው ቋንቋ ለምን ይጠቅማል?»

«ኮምፒውተሩ ማሽን ነው፣ ትርጉም አያውቅማ። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ይሄ ቃል ቋንቋው ውስጥ አለ ወይስ የለም።»

ሲያስበው አየሁት። ሰነፍ ሰው አልነበረም፣ ዕዳዬም ይኸው ነበር። ጣቱን ከላይ በተጻፈችው ምልክት ላይ አሳረፈ።

«ይቺስ?»

«ባዶ ቃል ናት። ምንም ፊደል የሌለባት ቃል።»

«ምን ትላለች?»

«ምንም።»

በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ሳቁን በሳል ሸፈነው። መርማሪው ግን ቁቤ የሚያነብ ሰው እንዲመጣ አዘዘ፤ እሱ ኦሮምኛ አያውቅም፣ ኦሮምኛ የሚጻፈው ደግሞ በዚሁ በላቲን ፊደል ነው። ከሰዓት በኋላ አንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር ይዘው መጡ። እጁ ላይ የጠመኔ ዱቄት አለ፣ ከክፍል አስወጥተውት መሆን አለበት። አጎንብሶ በጣቱ እየተከተለ ከላይ ጀመረ፤ ልጆች ሲያስቆጥር የሚያወጣውን ድምፅ ያወጣል። አብዛኛው የሚነበብ እንኳ አልነበረም። «ይሄ ቃል አይደለም። ይሄም አይደለም። ይቺኛዋ ቃል ልትሆን ነበር፣ መጨረሻዋ ላይ አንድ a ጎደላት» እያለ ወረደ። የተከበበው ጋ ሲደርስ ጣቱ ቀረ።

abbaa ይላል።

«ምንድነው?» አለ መርማሪው።

መምህሩ እኔን አየ። ይቅር በለኝ የሚል አስተያየት ነበር። «አባ። አባት ማለት ነው» አለ።

«ስድሳ ሁለት ቃል ውስጥ አንዱ ብቻ ትርጉም አለው፤ አንዱ ብቻ ተከቧል፤ እሱም ያው ነው» አለ መርማሪው ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አባ ማነው?»

ወላሂ እውነቱ ተራ ነገር ነው። ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ሁለቱን ፊደሎች ስደረድር፣ ምንም የማይሉ ቃሎች መሀል ድንገት አባቴ ብቅ አሉ። ማሽኑ አያውቃቸውም፣ እኔ ግን አወቅኳቸው። ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ናፈቁኝ፣ አከበብኳቸው። በቃ ይኸው ነው።

ግን ይሄን እንዴት ብዬ ልንገረው? አባቴ የጨፋ ሮቢት የበሬ ነጋዴ ናቸው። ቆላ ይወርዳሉ፣ ደጋ ይወጣሉ፣ የማያውቁት ሰው የለም። በበፊቱ መንግሥት ጊዜ እሳቸውም ታስረው ነበር። ከዚያ ይዘውት የወጡት የማይታጠፍ ጉልበት ነው፤ ሶላት የሚሰግዱት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ሁለተኛ መታሰርን እንደማይችሉት አውቃለሁ። በአገሩ ደግሞ ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ አባ ብለው የበሬያቸውን ስም ይቀጥሉበታል።

«መልስ የለህም?»

«አባት ማለት ብቻ ነው» አልኩ።

«የማን አባት? ያንተ ከሆነ አምጥተን እንጠይቀዋለን። የሌላ ሰው መጠሪያ ከሆነ ሰውየውን ትነግረናለህ። ያላንተ ቃል ሰው ይዤ ብመጣ አለቃዬ እኔን ነው የሚጠይቀኝ። እስከ ሐሙስ ጊዜ ሰጥቼሃለሁ፤ ቃልህን በእጅህ ጽፈህ ትፈርማለህ።»

ሁለት ቀን ነበረኝ።

አባቴ በየቀኑ ቀትር ላይ ምግብ ያመጡልኝ ነበር። እስከ በሩ እንጂ ወደ ውስጥ አይገቡም። ያ በሩ ላይ የሚቆመው ጠባቂ የአገሬው ልጅ ነው፣ ሳህኑን ተቀብሎ «የአባ ልጅ፣ ምሳህ» እያለ በግቢው ሙሉ ይጣራል። በመጀመሪያው ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። መምህሩ ካነበበ በኋላ ግን የመርማሪው መስኮት ክፍት መሆኑ ትዝ አለኝ። በማግስቱ የምግብ ሰዓት ሲደርስ ተነሥቼ በሩ ሥር ቆምኩ፤ ከመጣራቱ በፊት ሳህኑን ልነጥቀው ነበር ሐሳቤ።

ጠባቂው መጣ። «ባለ ደብተሩ፣ ምሳህ» ብሎ ተጣራ። ዓይኔን አላየኝም፣ እኔም አላመሰገንኩትም። ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ጊዜ የአባ ልጅ ብሎ አልጠራኝም።

ሳህኑ ላይ የነበረው ንፍሮ ነው፣ በቆሎና ባቄላ። ለሼሁ አቀረብኩላቸው። እሳቸው ግን ከመብላታቸው በፊት «እስቲ ያሳሰረህን ነገር አስረዳኝ» አሉኝ። «ሌላው ሰው መሬት ነው፣ ወረቀት ነው፣ ጠብ ነው ሲል ይገባኛል። አንተን በቋንቋ አሰሩት አሉኝ። ቋንቋማ ሁላችንም አለን።»

ሳህኑን ገልብጬ ጀርባው ላይ ደረደርኩላቸው። አንድ በቆሎ፣ ሁለት ባቄላ፣ አንድ በቆሎ።

«ይሄ አንድ ቃል ነው» አልኳቸው።

«ምን ይላል?»

«ምንም አይልም፣ ሼህ። መደርደሩ ብቻ ይበቃል።»

«ቋንቋውስ?»

«እንዲህ ከሚደረደሩት ውስጥ የፈለጉትን መርጠው ለይተው ሲያስቀምጡ እሱ ቋንቋ ይባላል።»

«ሃ። ታዲያ መራጭ አለው በለኛ» አሉ። «አንተ ደርድረሃል። መርማሪው ግን አንዷን መርጦ ይዟል።»

ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት ተቀምጬ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ አልነበረም። እሳቸው በቆሎውንም ባቄላውንም አንሥተው ጎረሱት። «ቃልህን በላሁት፣ አውፍ በለኝ» አሉ እያኘኩ። ከዚያ ባዶውን የሳህን ጀርባ አመለከቱኝ። «አሁንስ ምን ቀረ?»

«ባዶ ቃል።»

«ኧረ ተው። ምንም አልቀረም በል እንጂ።»

«አይደለም። ሁለቱ ይለያያሉ። አንድ ቋንቋ ውስጥ ምንም ቃል ላይኖር ይችላል፣ ጆንያው ባዶ ነው እንደማለት። ሌላ ቋንቋ ደግሞ አለ፣ ውስጡ ባዶ ቃል ብቻ ያለበት። እሱ አንድ ቃል አለው ተብሎ ይቆጠራል።»

እንደዚህ ሳስረዳ የክፍሌ ተማሪዎች ሁልጊዜ ይስቃሉ፣ እኔም መጀመሪያ ስቄበታለሁ። ሼሁ አልሳቁም። ጢማቸውን ይዘው ቆዩና «ይገባኛል» አሉ። «ሽምግልና ተቀምጠን አንዱን ስናስጠራ፣ መጥቶ ዝም ያለና ጭራሽ ያልመጣ አንድ አይደሉም። መጥቶ ዝም ያለውን እንቆጥረዋለን።»

የሐሙሱን ነገር የነገርኳቸው ያኔ ነው። አባቴን እንደምፈራላቸው፣ የውሸት ሰው ፈጥሬ ልናገር እንዳሰብኩ፣ ሁሉንም። ሼሁ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ። አባ ብለህ የፈጠርከውን ሰው እኛ አገር ፈልገው አያጡትም። በዚህ ሸለቆ አባ እንትና የማይባል ሽማግሌ ማን አለ? እኔንም አባ ነው የሚሉኝ።»

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ሁለት ፊደል ጽፌ የሸለቆውን አባት ሁሉ ልሰጥ ነበር። አፈርኩ፣ ፈራሁም፤ የቱ እንደሚበልጥ አላውቅም።

«ታዲያ ምን ልጻፍ?»

ቀኝ አውራ ጣታቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። «ይቺን ታያለህ? ለመሬቴ ነገር ብለው ባዶ ወረቀት ላይ አሳረፉኝ። ማንበብ የማልችል ሰው፣ ባዶም ቢሆን ሙሉም ቢሆን ለኔ አንድ ነው ብዬ አሳረፍኩ። ኋላ ሞሉት። ያላልኩትን ሁሉ ብያለሁ። ቀበሌው፣ ጎረቤቴ፣ ሁሉም የኔ ቃል ነው ብሎ ያምናል።» እጃቸውን መለሱት። «ዝም አይነቅዝም ይባላል። እውነት ነው፣ ዝም አይነቅዝም። ግን ዝም ስትል ሌላ ሰው እንዳይሞላብህ አድርገህ ዝም በል። አብሽር።»

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ይቺን ሳስብ ዋልኩ።

ሐሙስ ጠዋት መርማሪው ማኅተም ያረፈበት ወረቀትና እስክሪብቶ አስቀመጠልኝ። ከላይ «የተጠርጣሪ ቃል» የሚል ታትሞበታል። ደብተሬ ጎኑ ተዘርግቷል፤ እኔ ባከበብኩት ላይ እሱ ደግሞ በቀይ አክብቦበታል።

«ጻፍ» አለኝ። «እውነቱን ጽፈህ ማታ እናትህ ቤት ታድራለህ።»

እናቴን ባያነሣት ጥሩ ነበር። እስክሪብቶውን አነሣሁ። ከውጭ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል፣ የቀትር ሰዓት እየቀረበ ነው፣ አባቴ ጉልበታቸውን እየጎተቱ መንገድ ላይ ናቸው። አንዲት መስመር ብጽፍ እወጣለሁ። አልዋሽም፣ በጣም ፈለግኩ።

ከወረቀቱ ግራ ጫፍ ከላይ ጀምሬ እስከ ቀኝ ጫፍ ታች ድረስ አንድ ረጅም መስመር ሰረዝኩ። ከዚያ ከሌላው ጫፍ ሌላ። ጣት የሚያሳርፉበት ቦታ እንኳ እንዳይቀር ዳር ዳሩንም ዘጋሁት። ከሥሩ ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ያቺን የተገለበጠች ሦስት ልጨምርባት እጄ ቃጥቶ ነበር፣ ከለከልኩት። አፌ ብቻ ሳይሆን እጄም እንደማያርፍ ያኔ አውቄያለሁ።

መርማሪው ወረቀቱን አነሣ፣ ገለበጠ፣ መለሰው። «ቃል አልሰጠህም» አለ።

«ሰጥቻለሁ። ፈርሜበታለሁ። ባዶ ነው እንጂ ቃሌ ነው።»

«ትቀልዳለህ?»

«አልቀልድም። ከላይ ቃል ይላል፣ ከታች ስሜ አለ። መሀሉ ባዶ ነው። ማንም ምንም እንዳይጨምርበት ዘግቼዋለሁ።»

ደብተሩን አንሥቶ ፊቴን መታኝ። ሁለት ጊዜ። በደብተር መመታት ያን ያህል አያምም፤ ያመመኝ ጆሮዬ ነው። ወረቀቱን ግን አልቀደደውም። ማኅተም ያለበት ወረቀት በቁጥር ነው የሚወጣው፣ መቅደድ አይችልም። ብዙ ካየው በኋላ መዝገቡ ውስጥ ከተተው፤ ሲከት ወረቀቱን ላለማጨማደድ ተጠነቀቀ። ያን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

አባቴን አላስጠሩም። እኔ ሁለት ወር ከምናምን ቆየሁ፣ የዓመቱ ትምህርት አመለጠኝ። አንድ ቀን ውጣ ተባልኩና ወጣሁ፣ ለምን እንደገባሁ የነገረኝ እንደሌለ ሁሉ ለምን እንደወጣሁም የነገረኝ የለም። ቦርሳዬን ሲመልሱልኝ ሻሹ ጠፍቷል፣ ደብተሩ አለ።

ሼሁ ከኔ ቀድመው ወጥተው ነበር። ለካ ጨፋ ሮቢት ገበያ ሄደው አባቴን ፈልገው አግኝተው ሁሉንም ነግረዋቸዋል። እኔ ልደብቃቸው አስቤ ነበር። ቤት በገባሁ በሦስተኛው ቀን አባቴ ወንበራቸው ላይ ሆነው ዙሁርን ሰግደው ሲጨርሱ ጠሩኝ።

«ያን ደብተር አምጣው እስቲ። እኔ የቱ ነኝ?»

ማንበብ አይችሉም። ገጹን ገልጬ በሰማያዊም በቀይም የተከበበውን አሳየኋቸው። በበሬ ገመድ የሻከረ ጣታቸውን በክቡ ላይ አዞሩት።

«አምስት ፊደል? ለኔ አልበዛም?» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ምን ብለህ ነው ያከበብከኝ?»

«ናፍቀውኝ ነው» አልኳቸው።

«ናፍቆትም ያሳስራል እንዴ» አሉ፣ ለኔ ሳይሆን ለደብተሩ። ገጹን በመዳፋቸው ሸፍነውት ቆዩ።

አባቴ ከሞቱ ጥቂት ዓመታት ሆኗቸዋል። ሼሁም የሉም፣ አላህ ይማራቸው። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ያንኑ ትምህርት አስተምራለሁ። በየዓመቱ ባዶ ቃል ጋ ስንደርስ ተማሪዎቹ ይስቃሉ፤ ምንም የማይል ቃል ለምን ይቆጠራል ይሉኛል። መጥቶ ዝም ያለና ያልመጣ አንድ አይደሉም እላቸዋለሁ፣ እነሱም ይጽፉታል። ከየት እንዳመጣሁት የጠየቀኝ የለም።

ከዚያ a እና bን እስከ አምስት ፊደል ሰሌዳው ላይ እደረድርላቸዋለሁ። ከስድሳ ሁለቱ መሀል አባቴ በተራቸው ይመጣሉ። ኦሮምኛ የሚያውቅ ተማሪ ካለ ከኋላ ሆኖ ፈገግ ሲል አየዋለሁ፣ እኔም ፈገግ እላለሁ። ጠመኔው እጄ ላይ ነው፣ ቦታውም ሰፊ ነው፣ የሚያስረኝም የለም። እስከ ዛሬ ግን አላከበብኳቸውም።